ድምፁ የማይሰማ ቬንትሌተር

ወንድሜ ከደጅ ቆሞ፣ አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ሥራዬን ሲያርመኝ ዓመታት አልፈዋል። «ቀስ አድርገሽ አዙሪው እንጂ፣ ምን ያንቀዠቅዥሻል?» ይለኛል። መሀላችን መስታወት ስላለ ግማሹ አይሰማኝም፤ ቢሆንም ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። ልጆች ሆነን ሲለኝ የነበረውን ነው የሚለኝ። ታላቄ ስለሆነ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። እሱ ደግሞ አባታችን ባወጣልኝ ስም ክብሪት ይለኛል፤ ቶሎ ስለምቀጣጠል ነው። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስም ማውጣት ይችልበት ነበር።

ሁለታችንም ብርጭቆ ሠሪዎች ነን። ፋብሪካ እንዳይመስላችሁ። ከቤቴ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ የጋዝ እሳት ፊት ተቀምጠን፣ የብርጭቆ ዘንግና ቱቦ እያቀለጥን ዶቃ፣ የሽቶ ብልቃጥና ዋንጫ የምንሠራ ነን። ነን ልበል እንጂ አሁን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። የወንድም ጋሼ ደረት ከታመመ በኋላ ሐኪሟ፣ «የዚያ ክፍል አየር ካልተለወጠ ደጃፉን እንዳትረግጥ» ብላ ቁርጡን ነገረችው። እሱም ደጃፉን አልረገጠም፤ መስኮቱን ያዘ። ዝናብ ሲሆን ጃንጥላ ዘርግቶ ይቆማል። ሚስቱን እትዬ ነው የምላት፤ እሷም አንዳንዴ ወንበር ይዛለት ትመጣለች፣ «ለአንተ የሚሆን መድኃኒት ገና አልተሠራም» እያለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ያስተማረን፣ እግሩ የተጠማዘዘ ዋንጫ አለ። ብቻውን ሊሠራው የሚችል ሰው የለም፤ አራት እጅ ይፈልጋል። አንዱ የዋንጫውን አፍ ይይዛል፣ ሌላው መቆሚያውን። መሀል ያለው ዘንግ በእሳቱ ሲለሰልስ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ እኩል ያዞሩታል። አንዱ ከፈጠነ ይበጠሳል፣ ከዘገየ ይንጋደዳል። እኔና ወንድም ጋሼ እሱን ስናዞር ነው ያደግነው። እሱ ከወጣ በኋላ አንድ ጎበዝ ነው የተባለ ሰው አጠገቤ አስቀምጬ ሞክሬ ነበር። ሰውዬው ዳግመኛ አልመጣም፤ የምላሴ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ዶቃ ብቻ ሆነ ሥራዬ። ለጆሮ፣ ለአንገት፣ ለቁልፍ መያዣ። ሰው ይወደዋል፣ እኔም አልጠላውም።

ግን ናፈቀኝ። ዋንጫውም ናፈቀኝ፣ ወንድሜም ናፈቀኝ። ሰው በየቀኑ የሚያየውን ሰው ይናፍቃል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይናፍቃል። አንድ ጠዋት መስኮቱ ላይ እንደቆመ ሳል ያዘውና ግድግዳውን ተደግፎ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል የማየው መስሎት ፈገግ አለ፤ እኔ ያላየሁ መሰልኩ። ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት። ጭሱን ከዚህ ክፍል የሚያወጣ ነገር አስገብቼ፣ ይህ ሰው ትንፋሹ ሳያልቅ አጠገቤ መቀመጥ አለበት።

ቀላል ይመስላል። የክፍሉን ሕግ ስለማታውቁት ነው። በአባባ ክፍል አንድ ሕግ ብቻ ነበር፤ እሳት ሲበራ በር ይዘጋል። ነፋስ ነበልባሉን ያጣምመዋል፣ የጋለ ብርጭቆን ደግሞ ቀዝቃዛ ነፋስ ከነካው ጠሽ ብሎ ይሰነጠቃል። የስንት ሰዓት ልፋት በአንድ ትንፋሽ። ስለዚህ በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ ይወተፋል። እማዬ ምሳ ስታመጣ እንኳ አታንኳኳም ነበር፤ በሩን በጥፍሯ ፈቅ ፈቅ ታደርገዋለች። አባባ እጁ ላይ ያለውን እስኪጨርስ ከነሳህኑ ቆማ ትጠብቃለች። «እናንተ ሰዎች፣ እዚያ ውስጥ ምንድን ነው የምትተነፍሱት?» ትላለች። «ብርጭቆ» ይላታል አባባ፤ እኛም ከት ብለን እንስቃለን።

ስለዚያ ክፍል ሳወራ ሽታው ይመጣብኛል። የጋዙ ሽታ፣ የጋለው ብረት ሽታ፣ የአባባ የሸሚዝ ክሳድ ሽታ፣ ሁሉም አንድ ላይ። በብርድ ጊዜ ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው እሱ ስለነበር የቤት ሥራችንን እዚያ ወለል ላይ ተቀምጠን ነው የምንሠራው። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ይቆማል፣ ብርጭቆው ሲገባበት ጫፉ ብርቱካን ይሆናል። አባባ ብዙ አያወራም፤ ያዳምጣል። «እሳት ሊበላሽ ሲል ድምፁ ይቀድማል። ዓይናችሁ ሳያይ ጆሯችሁ ይስማ» ይለን ነበር። ጋዙና አየሩ አልመጣጠን ሲል እሳቱ ያፏጫል፤ ወንድም ጋሼ ፊቱን ሳያዞር እጁን ሰዶ ያስተካክለዋል። እኔ ያንን ችዬው አላውቅም። አባባ በእሱ ጆሮ ይኮራ ነበር፣ እኔም እቀና ነበር። አልዋሽም፣ አሁንም እቀናለሁ።

አባባም ያስል ነበር። ሳሉ ከክፍሉ ድምፆች አንዱ ስለነበረ ማንም ጉዳዬ አላለውም። ሲሞት ዛሬ እኛ ካለንበት ዕድሜ በብዙ ያንስ ነበር።

እንግዲህ ገበያ ወጣሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ሻጭ ምላሱ የሚጣፍጥ ነው። የወጥ ቤት ጭስ መሳቢያ አሳየኝ፤ ብልጭልጭ ያለ፣ መብራት ያለው፣ ፊቴ የሚታይበት። «እማማ፣ ይሄ ቱቦ አይፈልግም፣ ግድግዳ መብሳት የለም። ጭሱን ይስብና በማጣሪያ ያጣራዋል» አለኝ። ግድግዳ መብሳት የለም ሲለኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሥዕሉ ያለበትን ወረቀት ተቀብዬ እየሮጥኩ መጣሁና በመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፌ ለወንድም ጋሼ አሳየሁት።

መነጽሩን አጥልቆ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ከሳበው በኋላ የት ያደርሰዋል?» አለኝ።

«ያጣራውና ይመልሰዋል።»

«የት?»

«እዚያው ክፍል።»

«አልሸሹም ዞር አሉ» አለና መነጽሩን አወለቀ። «ይሄ ለቅባት የተሠራ ነው ክብሪት። ባለቀለም ብርጭቆ ሲቀልጥ የሚወጣውን በዚህ ወንፊት ልታስቀሪው ነው? ጭሱ ከቤት መውጣት አለበት። ወጥቶ መሄድ።»

«እሺ፣ እንግዲያው መስኮቱ ላይ ቬንትሌተር እንሰካና እናውጣው» አልኩ። እሱ ደግሞ መስኮቱን በጣቱ አንኳኳ። የአባባ ጠረጴዛ ያለው ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር፣ ጨለማው ጥግ ላይ ነው፤ የእሳቱን ቀለም ለማየት ብሎ ነው እዚያ ያደረገው። ስንቀመጥ መስኮቱ ከጀርባችን ይሆናል። «ከጀርባሽ ሲስብ ጭሱ በየት በኩል ያልፋል?» አለኝ። «በአፍንጫሽ በኩል። ቬንትሌተሩ ጭሱን እያነሣ ሊያጎርስሽ ነው።»

እውነቱን ነው። ሰው ከደጅ ቆሞ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ አሁንም ከእኔ በልጦ ሲያውቅ ቆሽቴ ያራል። «እንግዲያው ራስህ ሄደህ ምረጥ» አልኩት። ለካስ ይህንን ሲጠብቅ ነው የከረመው። ኮቱን ለብሶ፣ እትዬን አስከትሎ፣ ከእኔ ቀድሞ መንገዱ ዳር ቆሞ አገኘሁት።

ሁለተኛው ሻጭ ወጣት ነው። ቬንትሌተር ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ ይገጥማል፤ ሰፈሩ ነፋሱ ይለዋል። ወንድም ጋሼ ሱቁ መሀል በርጩማ ላይ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

«አባቴ፣ አመመዎት እንዴ?» አለ ነፋሱ።

«ደህና ነኝ ልጄ። አንድ በአንድ አብራቸው።»

ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔም ትከሻዬን ነቀነቅኩ። አበራው። «ይሄ ያጓራል» አለ ወንድም ጋሼ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ሌላ አበራ። «ይሄ ያፏጫል። እሳት ሲበላሽ የሚያፏጨው ልክ እንዲህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እሳቱ ተበላሸ እያልኩ ልባዝን ነው?» ሌላ አበራ። «ይሄኛው ደግሞ እንደ አማቴ ያጉረመርማል።»

«እናቴን ተዋት፣ በሞተችበት» አለች እትዬ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እያስተካከለች።

ሰው በሱቁ በር መሰብሰብ ጀመረ። አንዱ አዛውንቱ የሚፈውስ ቬንትሌተር እየፈለጉ ነው ብሎ ለሌላው ሲያስረዳ ሰማሁ። ነፋሱ የመጨረሻውን አጥፍቶ ላቡን ጠረገ። «አባቴ፣ ድምፅ የሌለው ቬንትሌተር አልተፈጠረም። አየር ሲገፋ ይጮኻል። ግን ክፍል ውስጥ ይሁን ማን አለ? ከእሳቱ በላይ ጭሱን የሚሰበስብ ኮፈን እንሰቅላለን፤ ከኮፈኑ ቱቦ አውጥተን ግድግዳውን እናሳልፈዋለን፤ ቬንትሌተሩን ከደጅ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ እገጥመዋለሁ። እዚያ ሆኖ የፈለገውን ይጩኽ።»

ወንድም ጋሼ ዓይኑን ገለጠ። ልጁም፣ «እንዲያውም ከደጅ ሆኖ ሲስብ ቱቦው ቢሾልክ እንኳ ወደ ውስጥ ነው የሚስበው፤ ጭሱ ክፍሉ ውስጥ አይበተንም» ብሎ ጨመረለት። ሁለቱ ተያይተው ተግባቡ። እኔ የቀረሁት ለመሸከም ብቻ ነበር።

ነፋሱ በማግስቱ ክፍሏን ሊለካ መጣ። ጨለማውን ጥግ አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ የውጭውን ግድግዳ አየና ራሱን ነቀነቀ። ጠረጴዛው እዚያው ከቆየ ቱቦው በመደርደሪያው ላይ ዞሮ፣ በበሩ ላይ ዞሮ፣ እንደገና ዞሮ ነው የሚወጣው። «እያንዳንዱ እጥፋት ጉልበት ይሰርቃል እናቴ። አጭርና ቀጥ ያለ ነው የሚያስፈልገው። ጠረጴዛውን ወደ ውጭው ግድግዳ፣ ከመስኮቱ አጠገብ እናምጣው።»

«ጠረጴዛው አይነቃነቅም» አልኩ።

«እናቴ፣ ሦስት ሰው ከሆንን…»

«ክብደቱ አይደለም። አይነቃነቅም አልኩ። ትልቁን ቬንትሌተር አምጣና በእጥፋቱ በኩል ይሳብ።»

ልጁ ሜትሩን ጠቅልሎ ወደ ደጅ ወጣ። ብልህ ልጅ ነው። ወንድም ጋሼ በመስኮቱ በኩል ሁሉንም ሰምቶ ነበር። መስታወቱን መታ መታ አደረገና ቀና ብዬ እስካየው ጠበቀኝ።

«ክብሪት፣ ማንን ነው የምትፈልጊው? እኔን ነው ጠረጴዛውን?»

ዞሬ ጠረጴዛውን አየሁት። አባባ ከሞተ ወዲህ ያንን ጠረጴዛ አንድ ስንዝር ያንቀሳቀሰው የለም። ስጠርግ እንኳ በእግሮቹ ዙሪያ ነው የምጠርገው። እዚያ እስካለ ድረስ አባባ ለአንድ ጉዳይ ወጣ ያለ እንጂ የሞተ አይመስለኝም ነበር። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለወንድም ጋሼም አልነገርኩትም፤ እሱ ግን ያወቀው ይመስለኛል። ወጣሁና ነፋሱን ጠራሁት።

እሳት ስላልነበረ፣ በሩና መስኮቱም ተከፍቶ ስላደረ ወንድም ጋሼ ጠረጴዛው በሚነሣበት ቀን ወደ ውስጥ ገባ። ከስንት ጊዜ በኋላ። ጠረጴዛውን እኔ፣ ነፋሱና እትዬ ተጋግዘን አነሣነው፤ ወንድም ጋሼ ትእዛዝ በመስጠት ረዳን። ሲነሣ ከሥሩ አራት የእግር ቦታዎች ወጡ፣ ወለሉ እንደ አዲስ የሆነበት። ከእነሱ ወደዚህ ደግሞ ሁለት የተፋቁ ጎድጓዳ ቦታዎች ነበሩ። የአባባ ተረከዝ ነው። ስንት ዓመት እዚያው ላይ ተክሎት ኖሯል።

ወንድም ጋሼ ጫማውን አወለቀና ሄዶ ተረከዞቹን እዚያ ላይ አደረገ። ልክ ሆኑለት። ነፋሱ ዘወር ብሎ መስኮቱን ማየት ጀመረ።

«እሱ እንደ እኔ አያስልም ነበር መሰለኝ» አለ ወንድም ጋሼ።

«ያስል ነበር እንጂ። ረስተኸው ነው።»

«አልረሳሁትም፤ ታስታውሺው እንደሆነ ብዬ ነው» አለ፤ ከዚያ ጫማውን አደረገ።

ነፋሱ ግድግዳውን በሳ፣ ኮፈኑን ሰቀለ፣ ቱቦውን አሳለፈ፣ ቬንትሌተሩን ከደጅ ገጠመው። በመጨረሻም ከአዲሱ መቀመጫችን በስተኋላ፣ ከግድግዳው ግርጌ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ከፍቶ ወንፊት አደረገበት። «ንጹሕ አየር በዚህ ይገባል፣ በጀርባችሁ አልፎ ጭሱን ይዞ በዚያ ይወጣል። የሚገባ አየር ከሌለ የሚወጣም የለም። ይሄን አደራ እንዳትደፍኑት» አለን። «እሺ» አልነው፣ ሁለታችንም በአንድ አፍ።

ቀኑ ደረሰ። ወንድም ጋሼ ጸጉሩን ተቆርጦ መጣ። ሐኪሟ፣ አየሩ ጥሩ ከሆነ ለጥቂት ጊዜ ይሞክር ብላለች። እትዬ የሚነፋውን መድኃኒት ይዛ ግቢው ውስጥ ተቀመጠች። እሱ በሩን ዘጋ፣ ሽርጡን አሠረ፣ እሳቱን መሀል አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ። እሳቱን ለኮስኩ። ደጅ ያለው ቬንትሌተር ሩቅ ቦታ እንደሚፈስ ውሃ ሆኖ ነው የሚሰማው። ወንድም ጋሼ ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። «እሳቱ ይሰማኛል» አለ። ደስታ ፊቱን ሞላው፤ እኔም ደስ አለኝ።

ክፉው ጭስ በዓይን ስለማይታይ፣ መሳብ አለመሳቡን ለማየት አንድ የጥጥ ገመድ ለኩሶ አጠፋውና ከእሳቱ አጠገብ ያዘው። ጭሱ ወደ ላይ ወጣ። ኮፈኑ ከንፈር ደረሰ። እዚያ ቆመ፣ ተንገዋለለ፣ ከዚያ ተመልሶ በራሳችን ዙሪያ ተኛ። ወንድም ጋሼ ገመዱን ጠጋ አደረገው። ያው ነው። ሳሉ መጣ። አፉን በክንዱ ሸፍኖ ብዙ ሳለ፤ ሲያበቃ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ገመዱን ማስቀመጫው ላይ አስቀመጠና ሽርጡን መፍታት ጀመረ።

«ተይው ክብሪት። አንቺ የምትችይውን አድርገሻል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለእኔ አላለውም።»

እንዲያ ከሚለኝ ቢቆጣ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ይለኛል እንዴ እንደ ባዳ? ደሜ ፈላ። በእሱ ላይ እንዳልጮኽ የምጮኽበት ሰው ፈለግሁ፣ ነፋሱ ትዝ አለኝ። ተነሣሁና በሩን በኃይል በርግጄ፣ «እትዬ፣ ስልክሽን አምጪ፣ ያንን ቀጣፊ ልጅ ጥሪልኝ፣ ቱቦውን ነቅሎ ይውሰድልኝ» ማለት ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን መድገም ነውር ነው።

«ክብሪት» አለኝ ወንድም ጋሼ ከኋላዬ፣ ቀስ ብሎ። «ባለሽበት ቁሚ።»

ዞር አልኩ። ገመዱ ማስቀመጫው ላይ እንዳለ ይጨሳል። ጭሱ ግን አልተኛም፤ ቀጥ ብሎ፣ አንድ ክር ሆኖ ወደ ኮፈኑ ይገባል።

«በሩን ዝጊው እስቲ።»

ዘጋሁት። ጭሱ ወዲያው ተንገዋለለና ተመለሰ።

«ክፈቺው።»

ከፈትኩት። ጭሱ ተነሥቶ ሄደ። ወንድም ጋሼ ወንበሩ ላይ ዞሮ ከኋላችን ያለውን ቀዳዳ አየ። አንድ ብርድ ልብስ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ጥብቅ ተደርጎ ተወትፎበታል።

«ይሄን ማን ወተፈው?»

«እኔ እንጃ» አልኩ፤ ማለት እኔ ነኝ። ጠዋት ስጠርግ ቁርጭምጭሚቴን ነፋስ ነካኝ፤ እጄ ራሱ ሄዶ ነው የወተፈው፣ እኔን አላማከረኝም። አፍሬ ሳለሁ ግን ዓይኔ የበሩ ግርጌ ላይ ወደቀ። እዚያም አንድ የተጠቀለለ ጨርቅ በሩ እየገፋው ግድግዳው ሥር ተጠግቷል። እሱን እኔ አላደረግሁትም። «ይሄንንስ?» አልኩት።

ወንድም ጋሼ ጨርቁን አየ፣ እጁን አየ። «ስገባ ነው መሰለኝ» አለ።

ሳቅን። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጸጉራችን ሸብቶ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ አየሩን ዘግተን ቬንትሌተሩን ስንራገም። አመል ያወጣል ከመሀል ማለት ይህ ነው። እትዬ ሳቃችንን ሰምታ መጣችና በተከፈተው በር ቆማ አየችን፤ ስንነግራት እሷም ራሷን ይዛ ሳቀች።

ሳቁ ሲያበቃ ወንድም ጋሼ እሳቱን እያየ፣ «እማዬ ልክ ነበረች» አለ።

አባባ ላይ ተናደድኩ። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ደግ አይደለም ይላሉ፤ ተናደድኩበት። አንድ በር ነው እኮ። ብርጭቆውን ከነፋስ ሲጠብቅ ራሱን ረሳ፣ የልጁንም ደረት ረሳ። ወዲያው ደግሞ አሳዘነኝ። ማን ነገረው? እንደሱ ሲያስተምሩት እሱም እኛን አስተማረ። ቢያውቅ ኖሮ ጣሪያውን ይነቅልልን ነበር። ብርድ ልብሱን ከቀዳዳው መዝዤ ለእትዬ ሰጠኋት፣ ጨርቁንም አነሣሁት፣ በሩንም እንደተከፈተ ተውኩት።

በር ከፍቶ መሥራት ምን ያህል እንደሚጨንቅ አትጠይቁኝ። ሁለታችንም ትከሻችንን ሰቅለን፣ ብርጭቆው አሁን ጠሽ ይላል፣ አሁን ይላል እያልን እንጠብቃለን። ነበልባሉ ወደ ኮፈኑ ትንሽ ዘንበል አለና ቆመ። አየሩ ሰፊ መግቢያ ስላገኘ ዝግ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ አባባን ሲያስቸግረው የኖረው በጠባብ ስንጥቅ የሚሾልከው ነበር። ወንድም ጋሼ መቆሚያውን ያዘ፣ እኔ አፉን። ዘንጉን እሳት ውስጥ አስገባን። እኔ ጀርባዬን ነፋስ ሲነካኝ ደንግጬ ፈጠንኩና ተበጠሰ።

«ምን ያንቀዠቅዥሻል?» አለኝ። ምንም መሀላችን ስላልነበረ ቃል በቃል ሰማሁት።

«አንተ ነህ የዘገየኸው።»

«ሌላ አምጪ።»

ሌላ አመጣሁ። በዚህኛው ጊዜ እጆቹን አየሁ። ከስተዋል፣ ጅማቱ ወጥቷል፣ ግን የሚያውቁትን ያውቃሉ። ዘንጉ መልሶ ሲለሰልስ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ተሰማን፤ እሱ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ። ጥምዝምዙ መሀላችን ላይ እየተሠራ ሲሄድ አየነው። ትንሽ ወደ እሱ በኩል ያዘነበለ ነው፤ አባባ ቢሆን ይሰብረው ነበር። እኛ ግን ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ከጠረጴዛው ጎን ያለው ምድጃ ውስጥ አስገባነውና ክዳኑን ዘጋን። ወንድም ጋሼ አልሳለም። እኔ ሳል ስጠብቅ ነው ሁለቱንም ዘንግ የጨረስኩት፤ አልመጣም።

«በቃ፣ ለዛሬ ይብቃህ» አለች እትዬ ከግቢው። እሱ አልተከራከራትም። ሽርጡን ፈትቶ ከወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀለው፣ ይዞት አልሄደም። እኔ ጠረጴዛውን የማጸዳ መሰልኩ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመና ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ፣ «ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለኝ።

ወንድም ጋሼ በዕድሜው ሙሉ የእኔን ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። ሲያዘኝ፣ ሲያርመኝ፣ ሲቆጣኝ ነው የኖረው። አሁን ሥራ ፈላጊ ሰው ፊቴ ቆሞ የሚጠይቀኝ መሰለኝ። ልለው የምፈልገው ብዙ ነበር።

«በጠዋት ና» አልኩት። «ካረፈድክ አልጠብቅህም።»

«እሺ» አለኝ። እትዬ ክንዱን ያዘችውና ቀስ እያሉ ሄዱ። ባዶው ወንበር አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሐኪሟ ስንት ጠዋት እንደቀረው አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅናትም። ነገ ግን ይመጣል።